ክቡር ይጠና፣ ድንኳኑና ተሳቢው

በየቤተሰቡ አንድ «ይጠና» የሚል ሰው አለ። እኛ ጋ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ዘመዶቻችሁን አጥርታችሁ አልቆጠራችሁም፣ ወይ ሰውዬው እናንተው ናችሁ። ይህ ሰው ክልከላ አያውቅም። «አይሆንም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም፤ «በሉ ግዙ» የምትለዋም እንደዚያው። እሱ ወንበሩን የሚዘረጋው በሁለቱ መሃል ነው። ማቀዝቀዣ ልትቀይሩ ነው? ይጠና። ሳሎኑን ቢጫ ልትቀቡ ነው? ይጠና። ልጃችሁ ልታገባ ነው? እሱማ በደንብ ይጠና እንጂ!

የእኛ ቤት አጥኚ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እያልኩ በአንተ ነው የማናግራቸው። በጽሑፍ ሲሆን ግን ክብራቸውን መንፈግ ደስ አይለኝም፤ ስለዚህ ከዚህ ወዲያ ክቡር ይጠና እንላቸዋለን።

ክቡርነታቸው የተሽከርካሪ ምርመራ ባለሙያ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ጋዋን ለብሰው፣ የደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክተው፣ ሰው «ትናንት ነው ጋራዥ ያስገባሁት» እያለ የሚያመጣውን መኪና ከሥሩ ገብተው ሲያዩ ኖረዋል። ይህ ሥራ ሰውን ይቀይራል። መኪናን ከሥር ማየት የለመደ ሰው ሶፋንም ከሥር ነው የሚያየው። እኛ ቤት ሲመጡ ከሰላምታ ቀጥሎ ወንበር ይገለብጣሉ፤ እግሩን ነቅነቅ አድርገው «እም» ይላሉ፤ ከዚያ ይቀመጡበታል። ያችን «እም» የሰማ ሌላ እንግዳ ቆሞ ነው የሚውለው።

ልጃችን ስምንት ዓመት ሲሞላት ብስክሌት ለመነችን። ክቡር ይጠና የፍሬኑን ዓይነት፣ የጎማውን ስፋትና የሰንሰለቱን ሽፋን ሲያጠኑ ከረሙና በመጨረሻ እንከን የማይወጣላትን ብስክሌት አገኙ። አምጥተን ልጅቷን ብናስቀምጣት ጉልበቷ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ጥናቱ ሲካሄድ እግሯ አድጎ ኖሯል። ክቡርነታቸው አልደነገጡም። ማስታወሻቸውን አውጥተው «የልጅቷ እድገት ታሳቢ አልተደረገም» ብለው ጻፉና ጥናቱን እንደ አዲስ ጀመሩ።

እኔስ? እኔ የጋዜጣ አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም እውላለሁ፤ የራሴን የምትለቅምልኝ ሚስቴ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሚስቴን ወንድም ሳማ «አንተስ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ቆዩ፣ ወደ እኔም እንመጣለን።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። እራት ላይ ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «ዘንድሮ የእረፍቴን ሳምንት ሐይቁ ዳር ብናሳልፈውስ?» አለች። ሚስቴ የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት፤ የዓመት እረፍቷን መጋረጃ በማጠብ ስትጨርስ ስንት ዓመቷ። ያን ዓመት ኮሌጅ የገባችው ልጃችን ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ሐይቁ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዳርቻው ላይ ሆቴል የለም፤ መኪና አቁሞ ማደር ግን ይፈቀዳል። የቀረው «በምን እንደር?» የሚለው ብቻ ነበር።

ለዚህ ደግሞ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የጣሪያ ድንኳን ነው። መኪናው አናት ላይ እንደ ትልቅ ሻንጣ ታጥፎ ይጫናል፤ ስትደርሱ ይዘረጋል፤ በመሰላል ትወጡና ትተኛላችሁ። ሌላው ተሳቢ ነው። ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ክፍል ከመኪናው ኋላ ጋንቾ ላይ ታስሮ ይጎተታል፤ ውስጡ አልጋና ምድጃ አለው። ልጃችን ድንኳኑን መረጠች። «ከላይ ሆኜ ውሃውን እያየሁ ልተኛ» አለች። ሚስቴ ተሳቢውን መረጠች። «እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ለመተኛት ብዬ ደግሞ መሰላል አልወጣም» አለች።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልጄ ስትናገር በድንኳኑ ከልቤ አምኜ ነበር። ሚስቴ ስትናገር ደግሞ ከተሳቢው ሌላ ምን አለ ብዬ ነበር። ስለዚህ አንድ የቤተሰብ ኃላፊ በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያደርገውን አደረግኩ። ስልክ አነሳሁና ለሚስቴ ወንድም ደወልኩ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ የልደት ስጦታ የደረሰው ሰው ደስታ ነበር። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ይጠና።»

በማግስቱ ቅዳሜ ሜትርና ማስታወሻ ይዘው መጡ። መኪናችንን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ ጣሪያውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ስማ» አሉኝ፣ «መኪና ሲቆም ጣሪያው የሚችለውና ሲሄድ የሚችለው አንድ አይደለም። ቆሞ ሦስታችሁንም ይችል ይሆናል። ሲሄድ ግን ባዶ ድንኳኑን ራሱ በስንት መከራ ነው። ለመሆኑ ስንት ኪሎ ናችሁ?»

ሚስቴ እውነቱን ተናገረች። ልጄም ተናገረች። እኔ ደግሞ በሠርጌ ቀን የነበረኝን ኪሎ ተናገርኩ። ክቡር ይጠና ከጫማዬ ጀምረው እስከ አንገቴ ድረስ በዝግታ አዩኝና «እም» አሉ።

ሰኞ ዕለት ሦስታችንንም መሥሪያ ቤታቸው ወስደው ለትንንሽ ጭነት በተዘጋጀው ሚዛን ላይ አቆሙን። ሚዛኑን የሚያነበው ሰው መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ውጤቱን በድምፅ ማጉያ ለግቢው ሁሉ የሚናገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። «ሦስተኛው ጭነት፣ ዘጠና አራት ኪሎ!» አለ። ተራ ሲጠብቅ የነበረ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም በትርፍ ጭነት ስንቴ ተቀጥቻለሁ!» አለኝ። ሚስቴ እስከ ቤት ድረስ መንገዱን ሙሉ ወደ ውጭ እያየች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰች አልነበረም።

ጥናቱ በዚያ ዓመት አላለቀም። የሚስቴ እረፍት አለቀ፤ መጋረጃዎቻችንም ታጠቡ።

በሁለተኛው ዓመት ክቡርነታቸው «አሁን ወደ ተግባር እንግባ» ብለው ድንኳን ወደሚሸጥበት መደብር ወሰዱን። መደብሩ መሃል አንድ መኪና ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ድንኳን ተዘርግቷል፤ መሰላሉ ተዘጋጅቷል። እዚህ ላይ ያኔ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ልናገር። እኔ ከፍታ እፈራለሁ። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስወጣ ሚስቴን «እስቲ ነይ አጫውቺኝ» የምላት ለወሬ ናፍቄ አይደለም።

ሻጩ «ይሞክሩት እንጂ ጌታዬ» አለኝ። ልጄ እያየችኝ ነበር። ወጣሁ። መውጣቱ ደህና ነበር፤ ዓይን ወደ ላይ ነው የሚያየው። ውስጥ ገብቼ ዞር ብዬ ወለሉን ሳይ በጣም ራቀብኝ። በደረቴ ተኛሁና ፍራሹን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች ሚስቴ ከታች።

«ፍራሹን እየሞከርኩት ነው።»

አርባ ደቂቃ ሞከርኩት። በዚህ መሃል ሌሎች ገዢዎች መጥተው ኖሮ ሻጩ በኩራት ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ምቾቱን ከእኔ አትስሙ፤ ይኸው ሰውየው ከገባ ቆይቷል፣ አልወርድም ብሏል» ሲላቸው ሰማሁ። ሁለቱ ወዲያው ገዙ።

በመጨረሻ የመሰላሉ ጫፍ ላይ የክቡር ይጠና ራስ ብቅ አለ። ፊቴን አዩት። ምንም አልጠየቁኝም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዓይንህን ጨፍን። እግርህን እኔ ነኝ የማስቀምጥልህ» አሉኝ። ቁርጭምጭሚቴን ይዘው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በየደረጃው ላይ እግሬን አንድ በአንድ እያሳረፉ አወረዱኝ። መሬት ስደርስ ሁሉም ሰው እየጠበቀን ነበር። ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የመሰላሉ ደረጃዎች ርቀት የተስተካከለ አይደለም። ለዚህ ነው የቆየነው። ይጠና» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የማወራው እኔው ነኝ።

ያም ዓመት በመጋረጃ አለቀ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ልጃችን የላብራቶሪ ትምህርቷን ጨረሰችና ሥራ አገኘች፤ በአውቶቡስ የአሥራ አንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ ከተማ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሥራ ትገባለች። የምትኖርበትንም ክፍል አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በስልክ አፈላልጋ አገኘችላት። ከእኛ ማንም አላየውም። እኔ ደስ ብሎኝ አቀፍኳት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ለረጅም ጊዜ እጄን ታጠብኩ።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ልጃችን እንዲህ አለች፦ «ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ሐይቁ። ከዚህ በኋላ የእናቴ እረፍትና የእኔ እረፍት ገጥሞ ሦስታችን አብረን የምንሄድበት ቀን መቼ እንደሚመጣ እንጃ። በድንኳንም ይሁን በተሳቢ ግድ የለኝም። ብቻ እንሂድ።»

የሚስቴ እረፍት ሊገባ አራት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እኔ ስልኬን አነሳሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ ልጄ።

«አጎትሽን ልጠይቀው።»

«አባዬ፣ ቆይ እስቲ። አጎቴ አትሂዱ ብሎህ ያውቃል?»

አሰብኩ። ብሎኝ አያውቅም።

«በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እሱ ራሱ ስለ ድንኳን ብሎ ደውሎ ያውቃል? ሁልጊዜ የምትደውለው አንተ ነህ። የጠየቅከውን ነው የሚያጠናልህ። ካልጠየቅከው ምኑን ያጠናዋል?»

ሚስቴ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ፈገግታዋን የምትደብቀው እንደዚያ ነው። እኔ ስልኬን አስቀመጥኩ። የሰው ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ከሩቅ የማይ ሰው፣ ይህን የሚያህል ስህተት ሦስት ዓመት ሙሉ አልፌዋለሁ።

እንግዲህ ወደ እኔ መጣን። ከፍታ መፍራቴን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ ወደ ኋላ መንዳት አለመቻሌን ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሃያ ሁለቱንም ዓመት መኪናዬን የማቆመው ወደ ፊት ነድቼ ልወጣ የምችልበት ቦታ ብቻ ነው። ለዚህ ስል አንዳንዴ ከምሄድበት ቤት ሁለት ሰፈር አልፌ አቆማለሁ። ሚስቴ «የእግር ጉዞ ይወዳል» እያለች ለሰው ታወራልኛለች። አሁን ነገሩን አያይዙት። ድንኳኑ መሰላል አለው። ተሳቢው ደግሞ የኋላ ማርሽ ይፈልጋል። ጥናቱ እስካላለቀ ድረስ እኔ ከሁለቱም ተርፌ ነበር፤ ጥፋቱ ደግሞ ሁሉም ሰው ፊት የሚስቴ ወንድም ነው። እንደዚህ የሚመች መደበቂያ ከየት ይገኛል?

በዚያው እራት ላይ ወሰንኩ። ተሳቢ። ከተሳቢ ማንም ሰው አይወድቅም ብዬ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ጎረቤታችን አናጺው ጓሮው ውስጥ አንድ የቆመ ተሳቢ ነበረው፤ «ሸረሪቶቹን ካስወጣችሁ ውሰዱት» አለን።

በማግስቱ ለክቡር ይጠና ስደውል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ አልነበረኝም። «ወስነናል፤ ተሳቢ ነው» አልኳቸው። ማስታወሻቸውን ሲገልጡ ተሰማኝ። ከዚያ፣ «ወደ ኋላ መንዳት ትችላለህ?» አሉኝ። ይህ ሰው ሁሉን ነገር ከሥሩ ነው የሚያየው።

ሦስት ቅዳሜ አንድ የተዘጋ መጋዘን ግቢ ውስጥ አስተማሩኝ። እሳቸው ኋላ ቆመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ እኔ ስፖኪዮ ላይ አፍጥጬ መሪ አዞራለሁ። ተሳቢን ወደ ኋላ ስትነዱ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ እሱ ወደ ግራ ይሄዳል።

«ተሳቢው እንዲሄድ ከምትፈልግበት ተቃራኒ!» ይላሉ።

«ተቃራኒ እኮ ነው ያዞርኩት!»

«የተቃራኒውን ተቃራኒ ነው ያዞርከው! ቁም! ቁም አልኩህ!»

በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጋዘኑን በር ገጨሁ። በሁለተኛው መኪናዬና ተሳቢው ታጥፈው ፊት ለፊት ተያዩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቀጥ ብዬ አሥር ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄድኩና እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም። ክቡርነታቸው በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ማርሹ ነፃ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ነው የወሰደህ» አሉኝ።

ይሁን ብለን ወደ ምርመራው ሄድን። ተሳቢ ያለ ምርመራ ወረቀት አውራ ጎዳና አይወጣም፤ የአናጺው ወረቀት ደግሞ ጊዜው አልፎበት ነበር። ጉዟችን ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ከሚስቴ ጋር ሆነን ተሰለፍን። ዕድላችን በክቡር ይጠና መስመር ላይ ጣለን። እኔ በሆዴ ተመስገን አልኩ። እጄን አውለበለብኩላቸው። እንደማንኛውም ሰው አዩኝና፣ «ሞተር አጥፉ፣ ወርዳችሁ ከቢጫው መስመር ኋላ ቁሙ» አሉን።

ከሥር ገቡ። ቆዩ። ወጡ። እስክሪብቶ መዘዙ።

«የቀኝ ፍሬን መብራት አይሠራም። የመጠባበቂያ ሰንሰለት የለውም። የግራው ጎማ ተሰነጣጥቋል።» ማህተሙን አነሱና ወረቀቱ ላይ ጧ አደረጉት። «አላለፈም።»

ሚስቴ ቢጫውን መስመር አልፋ ገባች። እንደዚያ ተቆጥታ ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። «ልጅቷ ልትሄድ ነው! ያለን ሳምንት ይሄው ብቻ ነው! አንተ ወንድሜ ነህ ወይስ ማህተም?»

ክቡርነታቸው እስክሪብቶውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «አሁን ማህተም ነኝ» አሉ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንድምሽ ነኝ። ከመስመሩ ኋላ ቁሚልኝ።»

ቤት ስንደርስ ሚስቴ መጋረጃዎቹን ማውረድ ጀመረች። ልጄ ሻንጣዋን ከፍታ ያሸገችውን አንድ በአንድ ስታወጣ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ጠጋ ብዬ አንድ ነገር ልላት ፈለግኩ። ሦስት ዓመት በፍርሃቴ ያባከንኩባት እኔ ነኝ፤ አሁን ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ? ተመለስኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። ክቡር ይጠና ቱታ ለብሰው፣ አንድ ጎማ እያንከባለሉ፣ ትከሻቸው ላይ ሰንሰለት አንጠልጥለው ቆመዋል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ተሳቢው ሥር ገቡ። እኔ ካቻቪቴና ፒንሳ አቀብል ነበር፤ ሚስቴ ሻይ አምጥታ አጠገባቸው መሬት ላይ አስቀመጠችላቸው። ከታች ሆነው፣ «ወንድምሽ ነኝ አሁን» አሉ። «አውቃለሁ፤ ጠጣ፣ ይበርድብሃል» አለቻቸው። ፀሐይ ሳትገባ ጨረሱ። መብራቱ በራ፤ ልጄ የፍሬኑ መርገጫ ላይ እግሯን ጭና ደጋግማ እያበራች ትስቅ ነበር።

«በቃ ነገ ጠዋት ታሳልፈናለህ» አልኳቸው።

«እኔ? የጠገንኩትን እንዴት እኔ ራሴ አሳልፋለሁ? ሌላ ሰው ነው የሚያየው። ደንብ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ፈቃድ ወስደው ከሦስታችን ጋር ተሰለፉ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩበት ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የባለጉዳዮች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን አልገለበጡትም። ያኔ ነው መፍራታቸው የገባኝ። ተሳቢያችንን የምትመረምረው እሳቸው ራሳቸው ያሠለጠኗት ወጣት ሴት ነበረች። ሁለት ጊዜ ከሥር ገባች። ሁለቱንም ጊዜ ክቡርነታቸው ከወንበሩ ብድግ ብለው ተቀመጡ።

«ይህን ሽቦ ማነው ያሰረው?» አለች ከሥር ሆና።

ክቡር ይጠና እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«ጋሼ፣ በናስትሮ ብቻ እኮ ነው የተጠቀለለው። መያዣ ያስፈልገዋል። እርስዎ ያስተማሩኝ ነው።»

«ልክ ነሽ» አሉ፤ ተነስተውም መያዣውን አስገቡ። ሲመለሱ ግንባራቸውን እየጠረጉ አጠገቤ ተቀመጡና፣ ሳያዩኝ፣ «ልጅህ የምትተኛበት ነው» አሉኝ። «በእጄ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ትናንት አንድ ጥፋት ብቻ ጽፌለት 'አስተካክልና ና' እለው ነበር።»  እኔ የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ እሳቸው የፈሩት ለእሷ ነው። ይህ ልዩነት እዚያ ወንበር ላይ በጣም አሳፈረኝ።

አለፈ። መርማሪዋ ማህተሙን መታችና፣ «ጋሼ፣ እረፍት ሊወጡ ነው አሉ» አለቻቸው። «ከነገ ጀምሮ» አሉ። ይህን የሰማች ልጄ ክንዳቸውን ይዛ፣ «እንግዲያው ከኛ ጋር ና! ቦታ አለ» ብላ ለመነቻቸው። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ሌላ ጉዳይ አለኝ» ብለው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ልጄ ቅር አላት። ሚስቴ ግን፣ «ተይው፣ ሐይቁን ስላላጠናው ነው» አለችና ሳቅን።

ቅዳሜ ሄድን። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ደረስን። የተሰጠን ቦታ በሁለት ዛፎች መሃል ነው፤ ወደ ኋላ ተነድቶ ነው የሚገባው። የመጋዘኑን ትምህርት ሁሉ አስታውሼ ጀመርኩ። በአራተኛው ሙከራዬ ጎረቤቶቻችን ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ። በሰባተኛው አንድ ሰውዬ ሚስቱን ከውሃው ጠራት። በዘጠነኛው ሚስቴ በሩን ከፍታ ወረደችና ከልጄ ጋር ሆነው ተሳቢውን ከጋንቾው ፈቱት፤ በእጃቸው ገፍተው በሁለት ደቂቃ ዛፎቹ መሃል አስገቡት። ተጨበጨበላቸው። እኔም መሪዬን ለቅቄ አጨበጨብኩ።

እነዚያ ቀናት እንዲህ ነበሩ ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። ልጄ የተሳቢውን የኋላ በር ከፍታ፣ እግሯን ወደ ውጭ ሰድዳ፣ ውሃውን እያየች ትተኛ ነበር። ሚስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛች። ሦስታችን ካርታ ስንጫወት ሁለቱ ተመሳጥረው ሲያጭበረብሩኝ እያየሁ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኛል፤ ግን አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ልጄ ውሃው ዳር ስትሄድ ባየኋት ቁጥር ያ ማንም ያላየው ክፍል ይመጣብኛል። በሩ ይዘጋ ይሆን? ለብቻዋ ናት። ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ እሷም እንደኔ ሆዷ ውስጥ ይዛው እንደነበር በኋላ ነው ያወቅኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ቁርስ በልተን ሳንነሳ የልጄ ስልክ ጮኸ። አነሳች፤ «አጎቴ!» አለች፤ ከዚያ ታዳምጥ ጀመር። ፊቷ ተለዋወጠ። አንዴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በመጨረሻ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ክፍሏ ውስጥ ቆሜያለሁ» አሉኝ ክቡር ይጠና።

«የቱ ክፍል?»

«የልጅቷ ነዋ! ቅዳሜ ጠዋት ነው አውቶቡስ የያዝኩት። እናንተ እስክትመለሱ ብዬ ነው። ስማኝ፣ የበሩን ቁልፍ ስላላመንኩት አስቀይሬዋለሁ። መስኮቱ በደንብ ይዘጋል። ደረጃው ላይ መብራት አለ፤ አምፖሉን ቀይሬዋለሁ። ከዚህ እስከ መሥሪያ ቤቷ በእግሬ ሄጄ መጥቻለሁ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው፣ መንገዱ ሰው አለበት። አከራይዋ ደህና ሴት ናቸው፤ አልጋውን ስገለብጠው ብቻ ትንሽ ደነገጡ።» እዚህ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ትግባ» አሉ።

ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ያላቸውን የእረፍት ቀን እኛ ሐይቅ ዳር ስንዝናና ለልጄ ክፍል ሰጥተውታል፤ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ይህን ሰው ስንት ዓመት ሙሉ በየሰው ቤት ሳማ ኖሬያለሁ። እወዳቸዋለሁ። ያንን ልላቸው ነበር አፌን የከፈትኩት፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ግድግዳውስ ጋሼ? እርጥበት የለውም?»

«ዙሪያውን በመዳፌ ነክቼዋለሁ» አሉኝ። «ደረቅ ነው። አይዞህ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሚስቴ ፎጣ ይዛ አጠገቤ ቆማለች፤ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው አለችኝ። ስለ ግድግዳ ነው አልኳት።